የአሳማው ተዝካር

«ስኳር መቼ ቀመስኩ? ሦስት ዓመት ሙሉ ሻይ በባዶ ነው የጠጣሁት! ማር እንኳን በደጄ አላለፈም!»

አባባ ሹካ ጨብጦ ነው የሚጮኸው። እማዬ መጥበሻውን በሁለት እጇ ይዛ ወደኋላ ትሸሻለች።

«ስኳር ብቻ ነው ያለህ ማነው? ዶክተሯ ስትናገር እኔም እዚያው ነበርኩ። ቋሊማው፣ የታጠነው ጮማ፣ ጠዋት ጠዋት አምስት እንቁላል፣ ይሄም ሁሉ ስኳር በሽታህን ያብሰዋል ብላሃለች!»

«እሷ ምን ታውቃለች፣ ሰላጣ ስትግጥ ያደገች ከተሜ!»

«አንተስ ሳትግጥ አድገህ ይኸው እግርህ!»

እግሩ በርጩማ ላይ ተጋድሟል፣ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ከላዩ ፌስታል ገብቶበት። ግቢው ውስጥ አሳማው የተለበለበበት ጭድ ገና ይጨሳል። ግን የጭሱን ሽታ አልፎ የሚመጣ ሌላ ሽታ አለ። ከየት እንደሆነ ማንም አይጠይቅም።

ዛሬ የአግናጥዮስ ዕለት ነው፣ ለገና አሳማ የሚታረድበት ቀን። በመንደሩ አሳማ ያልጣለ ቤት የለም። የገና ጾም ገና አልተፈታም፣ ግን መጀመሪያ የተቆረጠው ሥጋ እዚያው ይጠበስና ያረደም የያዘም ከአንድ መጥበሻ ይበላል። ለአሳማው ነፍስ ነው፣ ተዝካሩ። ቄሳችን ራሱ በዚህ ቀን ላለማየት በሌላ መንገድ ዞሮ ነው የሚሄደው። አባባ ደግሞ እንቁላል ካልተሰበረበት ተዝካር አይለውም።

ችግሩ፣ አሁን አራጁ ጎረቤታችን ጋሽ ሲሚዮን የአሳማውን ብልት አውጥቶ ሲጨርስ በመኪናው አባባን ክራዮቫ ከተማ ሆስፒታል ሊወስደው ነው። ነገ እግሩን ከጉልበቱ በታች ይቆርጡታል። ካልተቆረጠ ገናን አያይም፣ ዶክተሯ ለእማዬ ለብቻዋ የነገረቻት ይሄንን ነው። አባባ ደግሞ ተዝካሩን ሳልበላ መኪና አልገባም ብሎ ምሏል።

«ያሳደግኩት እኔ! የቀለብኩት እኔ! ሳልቀምሰው ልሂድ? ይበስብስ፣ አልሄድም!»

እኔ በረንዳው ላይ ክራንች ጉልበቴ ላይ አጋድሜ፣ መጋዝ ይዣለሁ። ከፕሪም እንጨት የሠራሁለት ነው። ቁም ልለካህ ስለው እምቢ ስላለኝ በራሴ ቁመት ሠራሁት። እኔ በስንዝር እበልጠዋለሁ። ስለዚህ ያቺን ስንዝር ልቆርጣት ምልክት አድርጌያለሁ።

«አይዞሽ እማዬ፣ ከነገ ወዲያ የምታጥቢለት አንድ ካልሲ ነው» አልኩ።

«አፍህን ዝጋ ሳንዱ!»

ጋሽ ሲሚዮን ብቻ ሳቀ። በጣሳዬ ከባልዲው ቀድቼ ግጥም አደረግኩ።

«አንተ ልጅ፣ የአሳማውን ማጠቢያ ውሃ ጨረስከው እኮ» አለኝ። «ሌሊቱን ስትጠጣ አድረህ ነው?»

«አረቄህ ሳይሆን ይቀራል ጋሼ? ሰሞኑን ሌሊት ሌሊት ሽንት ቤት ነው የማድረው።»

አባባ ሹካውን ወደ እኔ ቀሰረ። «ሥጋ ከሆነ የሚያሳምመው፣ ይሄ ጎረምሳ ምነው አልታመመ? ከአንድ መጥበሻ አይደል የምንበላው? እዪው፣ በሬ ነው!»

ተነሳሁና ጡንቻዬን አሳየኋቸው። ያኔ ነው ተንኮሉ የመጣልኝ። የአባባ የደም ስኳር መለኪያ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል።

«እንወራረድ» አልኩ። «እኔን ለኩኝ። ደሜ ንጹሕ ከሆነ አባባ ጠግቦ በልቶ መኪና ይገባል። ካልሆነ ሳይቀምስ ይገባል።»

ያም ሆነ ይህ መኪና ይገባል። ትምህርት አልገባኝም እንጂ ተንኮል ይገባኛል።

«ቃሌ ነው!» አለ አባባ። ያሸነፈ መስሎት ሹካውን በሸሚዙ ጠረገ። «እንቁላሉ ሳይደርቅ ቶሎ በል!»

«በዚህ ትቀልዳለህ?» አለችኝ እማዬ። ግን መጥበሻውን አስቀምጣ እሷው ጣቴን ወጋችኝ። ጠዋት የበላሁት ነገር እንደሌለ ታውቃለች። ደሙን ጠብ አደረግኩበትና መለኪያውን እንደ ዋንጫ ወደ ላይ አነሳሁት።

«አንብቡልኛ! አንብቡና መጥበሻው ይቅረብ!»

እማዬ ነጠቀችኝ። አየችው። ከዚያ በቀስታ፣ «እጅህን ታጠብ» አለችኝ።

«ለምን?»

«ጮማ ነክተህበታል። በሳሙና ታጠብ።»

ታጠብኩ። ሌላ ጣት ወጋችኝ። መለኪያው አሰበ፣ አሰበ፣ ቁጥሩን ጣለው። ሁለት መቶ አርባ። ጋሽ ሲሚዮን በትከሻዬ በኩል አየና ቢላዋውን አስቀመጠ።

«ተበላሽቷል» አልኩ። «ዕቃው ነው የተበላሸው።»

እማዬ መሐረቧን አፏ ላይ ይዛለች። አባባ መጀመሪያ ቀን ሲለካ ስንት እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ከዚህ ያነሰ ነበር።

መጥበሻው ላይ ጮማው እየረጋ ነጭ ሆነ። አባባ ለረጅም ጊዜ አየኝ፣ መጥበሻውን አይደለም፣ እኔን። ከዚያ ሹካውን ጠረጴዛው ላይ አኖረና በጋሽ ሲሚዮን ትከሻ ተደግፎ ቆመ።

«መኪናህን አስነሳ» አለው።

በአንድ እግሩ እየዘለለ ግቢውን አቋረጠ። ፌስታሉ ይንኮሻኮሻል። ቀልድ ፈለግኩ፣ አጣሁ። እጄ ሥራ እንዲይዝ ብዬ ክራንቹን አነሳሁና መጋዙን ምልክቱ ላይ አሳረፍኩ።

አባባ የመኪናውን በር ይዞ ዞረ።

«አትቁረጠው» አለኝ። «ለአንተ ልክህ ነው።»