ዝናሽ ያጣመመችው አሸንዳ

"አይ ሠናይት... አንች ስትወጭ ይሄ ግቢ ምን ሊሆን ነው?"

አከራይዋ እትዬ አለምወርቅ ይህን ሲሉ፣ ዝናሽ ልብስ እያሰጣች ሰማቻቸው።

ቅናት ድብን አደረጋት...

እሷም እኮ ተከራይ ናት። እዚሁ ደብረ ታቦር፣ እዚሁ ግቢ ውስጥ አራት ዓመት ኖራለች። እሷን እንዲህ ያላት ሰው ግን የለም።

ሠናይት ደግሞ የምትወጣው ወደ ሌላ ኪራይ ቤት እንዳይመስላችሁ... በጋፋት መንገድ የራሷን ቤት ሠርታ ነው።

ጎረቤቱ ሁሉ "እንኳን ደስ አለሽ" ሲላት ዝናሽም ብላለች። ያለው ግን አፏ ብቻ ነው።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ዝናሽ ላይ ብቻ መፍረድም ይከብዳል።

የእሷ ክፍል ከጓሮ ነው። ፀሐይ አያገኘውም፤ ግድግዳው ክረምት ከበጋ እርጥብ ነው። የስድስት ዓመት ልጇ ትእዛዝ በዚያ ብርድ ሳል ይዟት አልለቅ ብሏል።

የሠናይት ክፍል ግን የፊት ለፊቱ ነው... ደረቅ ነው፤ የጠዋት ፀሐይም ይገባዋል።

ዝናሽ ያን ክፍል ሁለት ዓመት ተመኝታዋለች። "ሲለቀቅ ለእኔ ያድርጉልኝ" ብላም እትዬ አለምወርቅን ለምናቸዋለች።

"እስኪ እናያለን" ነበር መልሳቸው።

ታዲያ መውጫዋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ሠናይት ጭቃ አስቦክታ የተሰነጣጠቀውን ግድግዳ ማስመረግ ጀመረች...

"ለምትለቂው ቤት ምን አደከመሽ?" አለቻት ዝናሽ።

"ስገባ ደህና አድርገው ነው የሰጡኝ። ስወጣም ደህና አድርጌ ላስረክብ ብየ ነው።"

ዝናሽ አላመነቻትም። እንዲህ ያለ ተከራይ አይታ አታውቅም።

በማግስቱ አንድ ጃኬት የለበሰ ሰውየ መጣ። ሜትር ይዞ ክፍሉን ገባ ወጣ እያለ ያያል። እትዬ አለምወርቅም አብረውት ቆመው "ልጅ ስላለች ብርድ እንዳይገባ..." ሲሉ ሰማች።

አሃ... ገባት! ወይም የገባት መሰላት።

ሠናይት አንዱን ባለ ደመወዝ ጓደኛዋን ልታስገባበት ነው። እሱም ልጅ አለችው ማለት ነው።

"የእሱ ልጅ ከእኔ ልጅ በምን በልጣ ነው?" አለች ለብቻዋ። ዓይኗ እንባ ሞላ።

ቅዳሜ የግቢው ሰው ሁሉ ገበያ ወጣ። ሰማዩ ጠቁሯል። የግንቦት ዝናብ መጣሁ እያለ ነው።

ዝናሽ አዲሱን ምርጊት አየችው... ገና አልደረቀም።

ቀና ብላ አሸንዳውን አየችው። የጣራውን ውሃ ከግድግዳው አርቆ ቦይ ውስጥ የሚጥለው እሱ ነው።

በርጩማዋን አመጣች። ወጣችበት። የአሸንዳውን አፍ ወደ ግድግዳው አጣመመችው።

ግማሽ ሰዓት ዘነበ... ምርጊቱ እየተላጠ ወረደ።

ደስ አላት። አዎ፣ ደስ አላት፤ መደበቅ ምን ያደርጋል?

ሠናይት ጃንጥላዋን እንደያዘች ደረሰች። የፈረሰውን ግድግዳ አየች። አሸንዳውን አየች። ከዚያ ዝናሽ በር ላይ የተቀመጠውን፣ እግሩ በጭቃ የተለወሰውን በርጩማ አየች።

ጃንጥላዋን አጥፋ ቤቷ ገባች።

ሰኞ ጭዱን ራሷ ተሸክማ አመጣች። ጫማዋን አውልቃ ከሠራተኛው ጋር ጭቃ ረገጠች። መውጫዋንም በአንድ ሳምንት አራዘመች።

"ምን ሆኖ ነው የፈረሰ?" ሲሏት እትዬ አለምወርቅ...

"ዝናቡ በርትቶበት ነው እትዬ" አለች።

ዝናሽ ከቤቷ ሆና ሰማቻት።

የርክክቡ ቀን ደረሰ። ሠናይት የመብራት ቆጣሪውን አስነበበች፤ ቤቱን ጠረገች፤ ሁለቱን ቁልፎች እትዬ አለምወርቅ እጅ ላይ አኖረች።

"ዝናሽ... ነይ እስኪ ወዲህ" አሉ እትዬ።

መጣች። ቁልፎቹን መዳፏ ላይ አደረጉላት።

"ግቢበት።"

"ማን... እኔ?"

"ታዲያ ማን ሊሆን ነው? ይች ናት መቀመጫ ያሳጣችኝ። 'የትእዛዝ ሳል ሲሰማኝ አንጀቴ ይላወሳል፤ ቤቱን እኔ አድሼ ልስጥዎት፣ እርስዎ ኪራይ ሳይጨምሩ ለዝናሽ ይስጡልኝ' ብላ። የወንድሜ ልጅ አዳነ እንኳ ጠይቆኝ እምቢ አልሁት።"

"ያ... ሜትር የያዘው ሰውየስ?"

"አናጢው ነዋ። ነፋስ የሚያስገባውን መስኮት ሊቀይርልሽ። ለልጅሽ ብለን እኮ ነው።"

ዝናሽ ግድግዳውን አየችው... ያ በውሃ ያስላጠችው ምርጊት ለካ የልጇ ነበር።

ሠናይት የመጨረሻ ዕቃዋን ባጃጅ ላይ ስትጭን ሮጣ ደረሰችባት።

"ሠናይት... ያን ቀን... ግድግዳው..."



ሠናይት አቅፋ ሳመቻት። ከዚያ ቀስ ብላ በጆሮዋ እንዲህ አለቻት...

"አሸንዳውን ቦታው መልሸዋለሁ። ሚስማሩ ግን ላልቷል፤ ክረምቱ ሳይገባ አጥብቂው።"

ባጃጁ ሄደ። ዝናሽ ቁልፉን እንደጨበጠች በሩ ላይ ቀረች።

ወዳጆቼ... ከሰው ቤት ስንወጣ ቁልፍ ብቻ አይደለም የምናስረክበው። ከኋላችን ለሚገባው ምን እንደተውንለትም አብሮ ይቆጠራል። በቅናት እጃችንን ከማንሳታችን በፊት ደግሞ፣ ያ ሰው ለማን እየለፋ እንደሆነ አንድ ጊዜ እንጠይቅ።

እስኪ እውነቱን ንገሩኝ...

ሠናይትን ብትሆኑ፣ አሸንዳውን ያጣመመው ማን እንደሆነ እያወቃችሁ ግድግዳውን እንደገና ታስመርጉላት ነበር? ወይስ ቁልፉ ለአዳነ ይሰጥ ትሉ ነበር?