ሁለት ግማሽ መነፅር

አሮጊቷ ያምና አራተኛውን መነፅር አፍንጫዋ ላይ ስታሳርፍ ተራራው ተነስቶ ገበያው መሃል ገባ። አህዮቹ አበጡ፤ የሮማኑ ክምር ቤት አከለ፤ ከማዶ የሚያልፉት ሰዎች እግር ሳይኖራቸው አየር ላይ ተንሳፈፉ። ደስ አላት። አውልቂው አውልቂው አላላትም።

«ሐጂያ፣ እሱ የሩቅ ነው» አላት ቡአዛ። ከባሕር ማዶ የመጣ አሮጌ መነፅር መሬት ባነጠፈው ሸራ ላይ እንደ ድንች ቆልሎ ይሸጣል።

«ሐጂያ አትበለኝ! መካን በህልሜም አላየኋት። በማዕረግ ጀምረህ ዋጋ ልትቆልልብኝ ነው አይደል?»

«እሺ፣ እናቴ። እናት ማለት በነፃ ነው።»

«መነፅሩም እንደዛው በሆነ!»

አምስተኛው ገበያውን ሁሉ ውሃ ውስጥ ከተተው። የስድስተኛው ጆሮ ማንጠልጠያ ጫፉ ተነክሶ ተነክሶ አልቋል፤ ባለቤቱ ሲያስብ የሚያኝክ ሰው ነበር ማለት ነው። ምን ይሆን እንዲህ ያሳሰበው? ያምና በማታውቀው ሰው ዓይን ውስጥ ቁጭ ብላ ሴፍሩን ታያለች፤ ተወልዳ ያደገችበት ከተማ ገና ዛሬ የደረሰችበት አገር መሰላት። ጠዋቱ እንዲህ እንደተንሳፈፈ ቢቀር አትጠላም ነበር።

የመጣችው ግን ለጨዋታ አልነበረም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጀላባ የሚባለውን ረጅም ቀሚስ ቁልፍ ሠርታለች፤ ሽንብራ የምታህል፣ በመርፌና በሐር ክር የምትቋጠር ቁልፍ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ዓይኗ ስለደከመ የምትሠራው በጣቷ እየዳበሰች ነው፤ ይህንንም ለማንም አልተነፈሰችም። ከአራት ቀን በፊት ሐር እየሰጠ የሚያሠራት ነጋዴ አርባ ቁልፍ የተሰካበትን ክር መልሶ ጭኗ ላይ ጣለላት። «ግማሹ ጠማማ ነው፤ እስከ ቅዳሜ ካልተስተካከለ ሐሩን ለሌላ ሴት እሰጣለሁ» ብሏት ሄደ።

ክሩ የሁለት ሰው ሥራ ነበር፤ ሃያው የሷ፣ ሃያው የልጇ ሚስት የኢቶ። ያምና ቅንጣት አላመነታችም። ኢቶ ግራኝ ናት። «በግራ እጅ የተሠራ ነገር መቼ ቀንቶ ያውቃል!» አለቻት፣ ያውም በጎረቤት ፊት። ከዚያ ወዲህ ኢቶ ዳቦውን ታቀርባለች፣ ሻዩን ትቀዳለች፣ «እሺ» ትላለች፤ ሌላ ቃል ከአፏ አይወጣም። ያምናንም እልህ ያዛት። መነፅር ገዝታ፣ ጠማማዎቹን አንድ በአንድ እየቆጠረች ልታሳያት ነው ዛሬ የገበያውን ቀን ሐሙስን ጠብቃ የወጣችው።

መርፌዋን ከሻርፗ ጫፍ ነቀለችና ሥራ ጀመረች። በቡናማው መነፅር ቀኝ ዓይኗ የመርፌውን ቀዳዳ አየ፤ ግራው ጉም ብቻ። በወፍራሙ ጥቁር ደግሞ ግራው አየ፣ ቀኙ ጉም። ደጋግማ ሞከረች፤ ያው ነው።

«ሁለቱን ስንት ትላቸዋለህ?»

«አርባ ድርሃም።»

«ሃያ። ከያንዳንዳቸው ግማሹን ብቻ ነው የምፈልገው።»

«ወይ ጉድ! እናቴ፣ እኔ ሐብሐብ አልሸጥም እኮ! ግማሽ የሚባል ነገር የለኝም።»

«የተረፉትን ግማሾች አንድ ዓይን ላለው ትሸጥለታለህ!» አለች አጠገቡ ናና የምትሸጠው ሴት፣ እየተንከተከተች።

ቡአዛ ሳቁን መቋቋም አቃተው። እየሳቀም በአውራ ጣቱ ገፋ ገፋ አድርጎ ከጥቁሩ የቀኙን መስታወት፣ ከቡናማው የግራውን አወጣ። ከዚያ አንዱን መነፅር በሌላው ላይ ደርቦ አፍንጫዋ ላይ ሰካላት። ክሩ በአንድ ሙከራ መርፌው ቀዳዳ ውስጥ ጥልቅ አለ።

«አለፈ! እዩልኝ፣ አለፈ!» ያምና እንደ ሕፃን ጮኸች።

ወዲያው አርባውን ቁልፍ ከጉያዋ አወጣች። የቀኝ እጅ ሰው ቋጠሮው ወደ ቀኝ ያጋድላል፣ የግራኝ ወደ ግራ፤ ይህን ቁልፍ የምትሠራ ሴት ሁሉ ታውቃለች። የመጀመሪያው ጠማማ ቋጠሮ ወደ ቀኝ አጋድሏል። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ጭራሽ አፉን ከፍቶ ክሩ ወጥቷል፤ እሱም ወደ ቀኝ። ወደ ግራ ያጋደሉት ድብልብል ያሉ፣ ልቅም ያሉ ናቸው። አንድ፣ አንድ እንኳ የኢቶ ጠማማ አገኝ ብላ እስከ ክሩ ጫፍ ሄደች። የለም።

ፊቷ ጋለ። ሁለቱንም መነፅር አወለቀች። ቁልፎቹ ተመልሰው አማሩ፤ ጭጋግ ውስጥ የሚፈስ ሰማያዊ ነገር ሆኑ። ያየችውን ከሷ በቀር ያየ የለም። «አልሆነኝም» ብትልና ብትመልሰው ማን ይጠይቃታል?

«ምነው፣ አልሆነሽም?» አለ ቡአዛ።

«ሆኖኛል። እንዲያውም በዛ።»

«እሺ በቃ፣ ስላሳቅሽኝ ሃያውን አምጪ።»

አርባ ድርሃሙን ቆጥራ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«እናቴ፣ ታመምሽ እንዴ?»

መነፅሮቹን እንደገና ደርባ አደረገችና ተነሳች።

«ኧረ አውልቂው! መንገደኛው ሁሉ ይስቅብሻል!» አለቻት ናና ሻጯ።

«ይሳቅብኝ!»

እውነትም ሳቁባት፤ ባለ አህያውም፣ ባለ ሮማኑም። አላወለቀችም። ኢቶ በዚህ ሰዓት የቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ሐር ትጠቀልላለች። «አጥፍቻለሁ» የሚለውን ቃል ያምና በሕይወቷ ተናግራው አታውቅም፤ ከየት እንደሚጀመርም አታውቀው። ብቻ ኢቶ ከሩቅ እንድታያት ፈለገች፤ አይታትም ሳቅ እንዲያመልጣት። ሁለቱን መነፅር በሁለት እጇ አፍንጫዋ ላይ ደግፋ፣ እንዳይወድቁ እየሰጋች፣ ዳገቱን ተያያዘችው።