ልምድ ያለው ተለማማጅ

ገና የአንደኛ ዓመት የፋይናንስ ተማሪ ሳለሁ አንድ ትልቅ ባንክ ለልምምድ ተቀበለኝ። ዘንድሮ ባንኮች ሠላሳ ዓመት የሥራ ልምድ የሌለውን ተለማማጅ አይቀበሉም። ልምዱ የሚገኘው በመርፌ ነው፤ የተወጋ ሰው እዚያው ሠላሳ ዓመት ያረጃል። የክፍል ጓደኞቼ ሲያመነቱ እኔ ብልጡ ክንዴን ዘረጋሁ።

ቅዳሜ ዜናውን ላበስር እናቴ ጋ ሄድኩ። አውቶቡስ ውስጥ የሒሳብ መምህሬ ብድግ ብለው “ይቀመጡ ጋሼ” አሉኝ። እኔም ኮራ ብዬ ተቀመጥኩ።

ቤት እንደገባሁ ጎረቤታችን እትዬ ዘርፌ መጡ። ሲያዩኝ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

“ውይ! ታላቅ ወንድም እንዳለሽ መች ነገርሽኝ?” አሏት እናቴን።

“ልጄ ነው። አቤኔዘር።”

“አንቺ ደግሞ ቀልድ አታጪም!” ብለው እየሳቁ ወጡ።

እኔ ጉልበቴን እያሸሁ ስለ ቦንድና ስለ አክሲዮን ማስረዳቴን ቀጠልኩ። እናቴ እስክጨርስ ሰማችኝና ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ የፀጉር ቀለም የምትበጠብጥበትን ሳህን ይዛለች።

“እስቲ አንገትህን ዝቅ አድርግ” አለችኝ። “ለሁለታችንም ይበቃናል።”