የሰባት ወሩ ልጅ

ቄስ ገብረአብ ታቦት አጅቦ ከዘመተበት ወደ አንኮበር የተመለሰው በግንቦት መባቻ ነው። ሚስቱ አስካለማርያም በታኅሣሥ መባቻ ወለደች። ሰባት ወር መሆኑ ነው።

ምጡ ድንገት ሲመጣ ቄሱ ለአጥቢያው ጉዳይ ደብረ ብርሃን ሄዶ ነበር። አዋላጂቱ እናናየሁ የተቀበለችው ሕፃን እፍኝ አይሞላም፤ ጥፍሩም አልበቀለም። በባዘቶ ጠቅልላ እናቱ ደረት ላይ አስተኛችውና ሌላ ምጥ ጠርቷት ወደ ጎረቤላ ወረደች።

በዚያው ቤት ጓዳ ውስጥ ሠራተኛዋ በሰለች ተኝታለች። ባሏ በሐምሌ በንዳድ ሞቶባታል። ዘጠኝ ወሯን ጨርሳ ከሁለት ቀን በፊት ብትወልድም ትኩሳት ጥሏት ራሷን አታውቅም። ሁለቱንም ሕፃናት የያዘችው አስካለማርያም ነበረች። በሰለች ነፍስ ስትዘራ ልጇ ሞቶ መቀበሩ ተነገራት። የዘጠኝ ወሩ ሞቶ የሰባት ወሩ መትረፉ ጎረቤቱን ሁሉ አስገረመ። የአስካለማርያም ጡት ደርቆ ስለነበር በሰለች ታጠባው ጀመር።

ልጁ ወፈረ። ጣጣውን ያመጣውም መወፈሩ ነው።

የቄሱ እናት ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ለክርስትናው በግ አስጎትታ ከመዘዞ መጣች። ጨርቁን ገልጣ አየችው፤ ጣቷን እያጠፈችም ቈጠረች።

«እኔ ስምንት ወልጃለሁ» አለች። «ይሄ ቀኑን የጨረሰ ልጅ ነው። የተፀነሰው ገብረአብ ዘመቻ ላይ ሳለ ነው።»

ቄስ ገብረአብን ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልበላ አለው። ነገሩ እውነት ከሆነ ወይ ሚስቱን ይፈታል፣ ወይ ቅዳሴውን ይተዋል። አስካለማርያም ይህን ታውቃለችና ፍርሃት ከሰው ተራ አወጣት።

በአርባኛው ቀን አማቲቱ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ጥምቀቱን አስቆመች፤ መጀመሪያ ትማል አለች። እናናየሁ ተጠርታ በእጇ የተቀበለችውን ተናገረች። ሰዉ ድንቡሽቡሹን ልጅ እያየ ተሳሳቀባት። እሷም ራሷ ልጁን አይታ ግራ ገባት።

የነፍስ አባታቸው አባ ወልደተንሣኤ ወንጌሉን ዘረጉ። አስካለማርያም እጇን ጫነች።

«ከባሌ በቀር ወንድ አላውቅም። የወለድኩትም በሰባት ወሬ ነው።»

አባ ወልደተንሣኤ አመኗት። ቄስ ገብረአብ በመጠርጠሩ አፍሮ አለቀሰ። አማቲቱም ልጁን ሳመችው፤ ተጠመቀም።

ሰዉ ወደ ድግሱ ሲሄድ በሰለች ከአጥሩ ውጭ ወዳለው ትንሽ መቃብር አመራች። ሳይጠመቅ የሞተ ቅጥር ውስጥ አይቀበርም። አስካለማርያም ተከተለቻት፤ አፈሩ ላይ ተደፍታም አንጀቷ እስኪቆረጥ አለቀሰች።

በሰለች ደንግጣ ልታነሳት ሞከረች።

«ይብቃዎ እሜቴ። ለእኔ ልጅ ይህን ያህል?»

ከአፈሩ ሥር ያለው የሰባት ወሩ ልጅ ነበር።