የዳባቷ ተረጂ

ፍቅርአዲስ ዘመነ የሦስተኛ ዓመት የሶሻል ወርክ ተማሪ ናት። ያደገችው መተማ ነው። ደባርቅ ለትምህርት ከመጣች ጀምሮ ሞቋት አያውቅም።

ለመስክ ልምምድ ዳባት ደረሳት። በወረዳው የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ የሆኑት አቶ ያርጋል አንድ ስም ሰጧት፤ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ፣ ሰባ አራት ዓመት፣ ብቻቸውን የሚኖሩ። ለስድስት ሳምንት ረቡዕ ረቡዕ ቤታቸው እየሄደች ታነጋግራቸዋለች፣ ቅጽ ትሞላለች፣ በመጨረሻ አቶ ያርጋል ውጤት ይሰጧታል። ውጤቱ ካልመጣ አራተኛ ዓመት የለም።

"ተረጂው ካላመናችሁ ጥፋቱ የእናንተ ነው" ብለዋቸው ነበር መምህራቸው።

የመጀመሪያው ረቡዕ ከሚኒባስ ወርዳ፣ ዳቦ እየገመጠች፣ ጭቃውን እየዘለለች ደረሰች። ወይዘሮዋ ደጃፋቸው ላይ ምስር ይለቅማሉ።

"እንደምን አደሩ እማማ? ከዩኒቨርሲቲ ነው የመጣሁት። ጥቂት ጥያቄ ነበረኝ።"

"ግቢ፤ እግርሽ ርሷል።"

ገብታ ቅጹን ዘረጋች። "ጠያቂ ዘመድ አለዎት?"

"ሞልቶ። አንቺስ እዚህ ማን አለሽ?"

"ማንም የለኝ፤ ዶርም ነው የምኖረው። በቀን ስንት ጊዜ ይመገባሉ?"

"በራበኝ ጊዜ። ቁርስሽን ምን በላሽ?"

"ዳቦ። የሚሞቅ ልብስስ አለዎት?"

ወይዘሮዋ የልጅቱን ስስ ጃኬት በሁለት ጣታቸው ያዝ አድርገው ለቀቁት። ፍቅርአዲስ ቅጹ ላይ "ጥያቄ ይሸሻሉ" ብላ ጻፈች።

በሁለተኛው ረቡዕ ነገሩ ባሰ። ስሟን እስከ አያቷ፣ ዕድሜዋንም ጠየቋትና ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ደጋግመው አጠኑት። "ለምን ፈለጉት እማማ?" ብትላቸው "ለሚመለከተው" አሉ።

በሦስተኛው ረቡዕ ስትወጣ ጎረቤታቸው አምሳል አጥር ላይ ልብስ እያሰጣች ጠራቻት።

"ምን አድርገሻቸው ነው? ሐሙስ ሐሙስ ወረዳ ይመላለሳሉ እኮ። ትናንትና 'ይቺ ልጅ እንዲህ ሆና አትቀጥልም፤ መንግሥት ይወቀው' ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ።"

ፍቅርአዲስ ደባርቅ እስክትገባ ያደረገችውን ሁሉ አንድ በአንድ አሰበች። በሚቀጥለው ሳምንት ቅጹን ቦርሳዋ ውስጥ ትታ ባዶ እጇን ገባች። በአምስተኛው ግን አላስቻላትም።

"እማማ፣ ያስቀየምኩዎት ነገር ካለ ይንገሩኝ።"

"የምን መቀየም? ነይ ንፍሮ ብይ።"

በላች። ትን አላትና ሳለች። ወይዘሮዋ ትክ ብለው አዩዋት።

"ደግሞ ያስልሻል" አሉ፣ አንድ የጎደለ ነገር እንዳገኘ ሰው።

በስድስተኛው ረቡዕ፣ ገና ከሚኒባስ ሳትወርድ፣ አቶ ያርጋል ስልክ ደወሉ። መጀመሪያ ቢሮ ነይ አሏት። አቶ ያርጋል ሲስቁ ያየ ሰው ዳባት ውስጥ የለም።

"ተቀመጪ" አሏት። "በአንቺ ጉዳይ ማመልከቻ ገብቷል።"

"አቶ ያርጋል፣ እውነቴን ነው፣ አንድ ክፉ ቃል አልተናገርኳቸውም። ቅጹ ላይ የጻፍኩት ከሆነ እሰርዘዋለሁ።"

"ማመልከት መብታቸው ነው። እሳቸው እየተናገሩ እኔው ነኝ የጻፍኩት፤ አራት ሐሙስ ፈጅቶብናል። ማጣራት ደግሞ የእኔ ሥራ ነው። አንብቢውና የተባለው እውነት ከሆነ ፈርሚ።"

ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። ከታች የወይዘሮዋ የአውራ ጣት አሻራ አለበት፤ ከላይ የወረዳው ማኅተም። ፍቅርአዲስ እንባዋን በጃኬቷ እጅጌ ጠርጋ ከመጀመሪያው መስመር ጀመረች።

"የተረጂ ስም፦ ፍቅርአዲስ ዘመነ ገሠሠ። ዕድሜ፦ ሃያ አንድ። ሁኔታ፦ ጧሪ ቀባሪ የሌላት።"