እትዬ አርባ ሦስት

በሦስተኛው ፎቅ ኮሪደር መጨረሻ ያለው ክፍል የንድፍ ክፍል ይባላል፤ ውስጡ ያለው ግን አንድ ሰው ነው። ለአንዲት ሚሊ ሜትር ግማሽ ቀን ስለሚከራከር ባልደረቦቹ «ሚሊ» የሚል ስም አወጡለት። አሁን አብሮት የሚከራከር ሰው ስለሌለ የቀረው ስሙ ብቻ ነው።

ድርጅቱ የቧንቧ መጋጠሚያ ይሠራል። ድሮ ደንበኛው ስልክ ይደውላል፣ ልኩን ይናገራል፣ ይሳሳታል፣ ደግሞ ይደውላል። ሚሊ ሁለት ዓመት ኮምፒዩተሩ ላይ አቀርቅሮ ይህን ሁሉ የሚያስቀር ሥራ ሠራ። ደንበኛው በድረ ገጹ ላይ የቧንቧውን ስፋት፣ የመታጠፊያውን ማዕዘንና ርዝመቱን ይሞላል፤ ፕሮግራሙ በዚያው ልክ ቅርጹን ይስላል፤ ማሽኑ ይቆርጣል። ሥራው ያለቀ ዕለት ሥራ አስኪያጇ እጁን ጨብጣ፣ «ከእንግዲህ አንድም ሰው አይጨቀጭቅህም» አለችው።

እውነቷን ነበር።

ስልኩ ለአንድ ነገር ብቻ ቀረ። የገባው ቁጥር ሚሊ ካበጀው ገደብ ካነሰ ወይም ካለፈ ሳጥኑ ይቀላና «ባለሙያችን ይደውልልዎታል» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ባለሙያው እሱ ነው። ገደቦቹን መለወጥ የሚችለውም እሱ ብቻ ነው፤ ሌላው ሠራተኛ ከፈለገ የለውጡን መዝገብ ማየት ይችላል፤ ፈልጎ የሚያውቅ ግን የለም። አብዛኛው የቤት ቧንቧ ከሠላሳ ሁለት ሚሊ ስለማይዘል በስምንት ወር ውስጥ ከገደብ የወጣ አልተገኘም። ሚሊ የስልኩን አቧራ በየሳምንቱ ይጠርጋል።

በዘጠነኛው ወር አንዲት ጡረተኛ የሒሳብ መምህርት ስፋቱን አራት ነጥብ ሦስት ብለው ሞሉ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሚሊ ጉሮሮውን ጠርጎ ደወለ።

«እማማ፣ በሴንቲ ሜትር ነው የሞሉት። በሚሊ ይሁን፤ አርባ ሦስት።»

«አይ እኔ። ለዚህ ስሕተት ስንቱን ተማሪ ዜሮ ሰጥቻለሁ።»

ጨዋታን ጨዋታ ያነሣዋል። የማዕድ ቤታቸው ቧንቧ መታጠፊያው ላይ ተሰንጥቋል። የገጠሙት ሟች ባለቤታቸው ናቸው፤ ከየት እንዳመጡት እግዜር ይወቅ፣ ልኩ ገበያ ላይ የለም። አርባ ደቂቃ ሄደ።

«ልጄ፣ ለመሆኑ እህል ትቀምሳለህ?» አሉት በመጨረሻ። «ድምፅህ ቀጥኗል።»

«እበላለሁ» አለ ሚሊ። ከዚያ በፊት ይህን የጠየቀው ሰው ማን እንደነበር ሊያስታውስ ሞክሮ አቃተው።

በማግስቱ መምህርቷ አርባ ሦስት ብለው ሞሉ። ሳጥኑ ቀላ። ሚሊ ደወለ።

«ፕሮግራሙ የሚቀበለው እስከ አርባ ሁለት ነው፣ እማማ። እስኪ ደግመው ይለኩት።»

ደግመው ለኩ። በማስመሪያ ለኩ። ዙሪያውን በክር ለክተው ለሦስት ነጥብ አንድ አራት አካፈሉ። ሁልጊዜም አርባ ሦስት፣ ሁልጊዜም ቀይ። በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ሚሊ ይደውላል።

በወሩ መጨረሻ ሥራ አስኪያጇ ሚሊንና የሽያጭ ሠራተኛውን ጠርታ ሪፖርቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «አንዲት ደንበኛ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ሞክራ አንድ ዕቃ አልገዛችም። ምን ፈልጋ ነው?»

«እትዬ አርባ ሦስት?» አለ የሽያጭ ሠራተኛው። «ከመንገድ ማዶ ያለው ወርክሾፕ ነው የላካት። የእኛ አቅም የት ላይ እንደሚያልቅ እየፈተሸች ነው። ነገ እነሱ እስከ ሃምሳ እንሠራለን ብለው ሲለጥፉ ታያላችሁ።»

«አግዳት» አለች ሥራ አስኪያጇ ሚሊን።

ሚሊ ስብሰባ ላይ ተናግሮ አያውቅም። ያን ቀን ተናገረ።

«ሰላይ አይደሉም። ብቸኛ ናቸው። የሚያነጋግራቸው ሰው የለም። ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ሲያዩ ይውላሉ። የሚሞሉት ስልኩ እንዲጮህላቸው ነው። ካገድናቸው ምን ይቀራቸዋል?»

ሥራ አስኪያጇ አየችው። ፊቱ ቀልቷል።

«ታዲያ ወሬም በሚሊ እየለካን እንሽጥላቸዋ» አለ የሽያጭ ሠራተኛው። ማንም አልሳቀለትም።

«ሄደህ እያቸው» አለች ሥራ አስኪያጇ የሽያጭ ሠራተኛውን። «ሰላይ ከሆኑም፣ ጨዋታ ፈላጊ ከሆኑም ሐሙስ ይታገዳሉ።»

«እኔ ልሂድ» አለ ሚሊ።

«አንተ ክፍልህን ጠብቅ።»

የሽያጭ ሠራተኛው ረቡዕ ጠዋት ሄደ። በሩን የከፈተችለት ሕፃን ያቀፈች ሴት ናት። ሳሎኑ ውስጥ ሦስት ጎረቤቶች በአንድ ጊዜ ያወራሉ፤ አንድ ሽማግሌ ካርታ ጨዋታ ላይ ተጭበርብሬአለሁ እያሉ ይከራከራሉ። መምህርቷ እንግዳውን በሰዉ መሀል እየጎተቱ ማዕድ ቤት አስገቡት። ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ባልዲ ተደቅኗል። ሳህኑ ሁሉ መታጠቢያ ቤት ተቆልሏል።

«ወር ሊሞላን ነው» አሉ። «አርባ ሦስት ነው ብዬ ስንቴ ልማል?»

የሽያጭ ሠራተኛው ካሊፐሩን አውጥቶ ለካ። አርባ ሦስት ነበር። እዚያው ቆሞ ለሥራ አስኪያጇ ደወለ።

«ስልኩን ሳትዘጋው» ብለው ክንዱን ያዙት መምህርቷ፤ «ያ የሚደውለው ልጅ ደኅና ነው? ከዚህ ሁሉ ሰው መሀል ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ነው የማናግረው። ዝጋ ማለት ከበደኝ።»

ሥራ አስኪያጇ በስልኩ ውስጥ ሰማች። የለውጡን መዝገብ ከፈተች። ስምንት ወር ሙሉ አንድም ለውጥ አልተጻፈበትም፤ ከዚያ መምህርቷ መጀመሪያ በተደወለላቸው ቀን፣ አራት ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ፣ አንድ መስመር ነበር፦

ትልቁ ስፋት፣ ከስድሳ ወደ አርባ ሁለት።