የእማማ ዮካና ጉርሻ

ኤርምዮኔ ዳቦውን በበግ መረቅ ነክራ ለእማማ ዮካና ልታጎርስ ስትል፣ ከኢየሩሳሌም የመጣው ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ አስቆማት። የአሮጊቷ እጅ በእርጅና ይንቀጠቀጣል። አንጾኪያ ውስጥ አይሁድና ግሪክ በአንድ እምነት አንድ ገበታ መቅረብ ከጀመሩ ወዲህ፣ በየሳምንቱ በቀኛቸው ተቀምጣ የምታጎርሳቸው ግሪካዊቷ ኤርምዮኔ ነበረች።

«እማማ፣ እርስዎ የአብርሃም ልጅ ነዎት። ከእኛ ጋር ይብሉ» አላቸው፣ በመስኮቱ ሥር ለአይሁድ ብቻ የተዘረጋውን ገበታ እያሳየ።

«ምን አጠፋሁ?» አለች ኤርምዮኔ። «በጉን ያረደው የእናንተው ሰው ነው። ደሙ ተንጠፍጥፎ እስኪያልቅ ቆሜ ጠብቄያለሁ።»

«ድስቱስ የማን ነው?»

«የኔ።»

«ይኸው! መጀመሪያ ባልሽ ይገረዝ፣ አንቺም ሕጉን ያዢ። ያኔ አብረን እንበላለን።»

«ኧረ አባቴ፣ ባሌ እኮ ስድሳ ዓመቱ ነው!»

ከወዲያ አንድ ሰው ሳቀ። ሽማግሌው ግን አልሳቀም። «አብርሃም የተገረዘው በዘጠና ዘጠኝ ዓመቱ ነው» አላት።

እማማ ዮካና ግድግዳውን ተደግፈው ተነሱ። «አትቀየሚኝ ልጄ» አሉና ቀና ብለው ሳያዩዋት ሄዱ።

በመስኮቱ ሥር ሳህናቸውን ገና ከማንሳታቸው መረቁ ደረታቸው ላይ ተደፋ። ኤርምዮኔ ብድግ አለች፤ አጠገቧ የተቀመጠው ባሏ ግን ቀሚሷን ይዞ አስቀመጣት። እማማ ዮካና ሳህኑን መልሰው አስቀመጡት። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ፊታቸውን ወደ ቀኝ አዙረው፣ አፋቸውን ከፍተው ጠበቁ። በቀኛቸው ሽማግሌው አቀርቅሮ ይበላል። ኤርምዮኔ የነከረችው ዳቦ አሁንም እጇ ላይ ነበር።